የጄኩዌሪ ሰሌክተር ሲሰበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብረውኝ ከሚሠሩና ኮድ መጻፍ ገና ከጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚመጡልኝ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው) የሰጠነውን ሰሌክተር (ከገጹ ላይ ኤለመንት፣ ማለትም አንድ የገጹን ክፍል፣ የምንመርጥበትን አጻጻፍ) እንዴት ያነበዋል፣ እኛ ካሰብነው ውጭ ሲያነበውስ ችግሩ የት ላይ ይስተካከላል? ምሳሌዎቹ ላይ አይዲና ክላስ (ለኤለመንቶች የሚሰጡ መለያ ስሞች) ሆን ብዬ በአማርኛ ሰይሜያለሁ። እንደ «ዳታ» ያሉት የኤችቲኤምኤል ቃላት ግን ኮድ ላይ በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ ልብ በሉ።

ሰሌክተሬ ትክክል ይመስለኛል፣ ግን አይሠራም። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ የአሰባበሩን ዓይነት ለዩ። አንዳንዱ ሰሌክተር ሲሰበር ይጮኻል፤ ኮንሶሉ (ብራውዘሩ የስህተት መልእክት የሚያወጣበት ቦታ) ላይ «ሲንታክስ ኤረር፣ አንሪኮግናይዝድ ኤክስፕሬሽን» የሚል ቀይ መስመር ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ኮድም ይቆማል። ሌላው ዝም ብሎ ይሰበራል፤ ስህተት አይታይም፣ የተገኘው ኤለመንት ብዛት ግን ዜሮ ነው። ጄኩዌሪ ባዶ ውጤት ላይ የፈለጋችሁትን ብታዙት ቅር አይለውም። «ደብቅ» ስትሉት ምንም አይደብቅም፣ «ክሊክ ሲደረግ ይህን ሥራ» ስትሉት የሚጠብቀው ቁልፍ የለውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ የሚጮኸው እኮ ቢያንስ የት እንዳለ ይናገራል።

ስለዚህ የውጤቱን ሌንግዝ (የተገኙትን ብዛት) ኮንሶል ላይ አትሙት። ዜሮ ከሆነ ያንኑ አይዲ ያለ ሃሽ ምልክቱ (`#`) ለ«ጌት ኤለመንት ባይ አይዲ» ስጡት። ይህ ፈንክሽን ምንም ዓይነት ፓርሲንግ (ጽሑፉን ከፋፍሎ መተርጎም) አያደርግም፤ የተሰጠውን ስም እንዳለ ወስዶ ይፈልጋል። እሱ አግኝቶት ጄኩዌሪ ካጣው፣ ጉዳዩ የፓርሲንግ ነው ማለት ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ መልስ ታገኛላችሁ። እሱም ካጣው ኤለመንቱ ገና ገጹ ላይ አልተፈጠረም፣ ወይም ስሙ የተጻፈበት ፊደል ይለያል።

ጄኩዌሪ ሰሌክተሩን ሲቀበል ምን ያደርገዋል?

ይህን ሳያውቁ ባግ (የኮድ ስህተት) ማስተካከል በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ጄኩዌሪን ጆን ሬሲግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ2009 መጀመሪያ፣ በ1.3 እትም፣ ሰሌክተር የሚያነበው ክፍል ተለይቶ ወጣና ሲዝል የሚባል ራሱን የቻለ ሞተር ሆነ። ሲዝል ለብዙ ዓመት በራሱ ስም ኖሮ በ2023 በወጣው 3.7 ተመልሶ ጄኩዌሪ ውስጥ ገባ። ስሙ ቢቀርም አሠራሩ ያው ነው።

አንድ ሰሌክተር ሲመጣ ሦስት በሮች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው አቋራጩ ነው። ሰሌክተሩ ነጠላ አይዲ፣ ነጠላ ክላስ ወይም ነጠላ ታግ ከሆነና በላቲን ፊደል፣ በቁጥር፣ በሰረዝ ወይም በስር ሰረዝ ብቻ ከተጻፈ አንዲት አጭር ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ መለያ) ትይዘውና በቀጥታ ከብራውዘሩ ይጠየቃል። ሁለተኛው በር የብራውዘሩ የራሱ አንባቢ ነው፤ «ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል» ይባላል፣ የሲኤስኤስን ሕግ አጥብቆ ይጠብቃል። ብራውዘሩ «ይህን አላውቀውም» ብሎ ስህተት ሲወረውር ጄኩዌሪ ስህተቱን ለእኛ ሳያሳይ ይይዘዋል፤ ሰሌክተሩንም ወደ ሦስተኛው በር፣ ወደ ራሱ ፓርሰር ይልከዋል። እዚያ ሰሌክተሩ በቶክን (ትርጉም ባላቸው ቁራጮች) ተከፋፍሎ፣ ወደ ፈንክሽን ተቀይሮ፣ ኤለመንቶቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። እነ `:contains` እና `:eq` የሚሠሩት በዚህ በር ነው፤ ብራውዘሮች አያውቋቸውም። (ስማቸውን በግዕዝ ስንጽፈው ኮንቴይንስ እና ኢኪው ነው፤ ከዚህ በኋላ እንደዚያ እጠራቸዋለሁ።)

ካየኋቸው ግራ አጋቢ ባጎች የሚበዙት ከእነዚህ በሮች አለመስማማት የሚወለዱ ናቸው። አንዱ የሚቀበለውን ሌላው አይቀበልም፤ ወይም ሁለቱም ተቀብለው በተለያየ መንገድ ያነቡታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰሌክተሬ ትክክል ነው ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው በር ገባ?» ነው።

ጄኩዌሪን አውጥተን በብራውዘሩ በራሱ ስንተካው ገጹ ለምን ተሰበረ?

ይህ እኔው ላይ የደረሰ ነው። የተማሪዎች ስም መጥሪያ ገጽ ነበረን። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሆነውን አይዲ ሰርቨሩ ከክፍሉና ከምድቡ ያዘጋጀዋል፦ `1ኛ-ሀ`፣ `2ኛ-ለ` እያለ። ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል። ጄኩዌሪን አውጥተን «ኩዌሪ ሰሌክተር»ን በቀጥታ በጠራን ቀን ግን ሁሉም ክፍል ቀይ ሆነ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የአማርኛ ፊደሉ ላይ ነበር፤ አይዲዎቹን በሙሉ ወደ ላቲን እንቀይር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ያዳነን አንድ መስመር ነው። `መዋዕለ-ሕፃናት` የሚለው አይዲ፣ ሙሉ በሙሉ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው፣ ያለምንም ችግር ይሠራል። ጥፋተኛው `ሀ` ሳይሆን `1` ነበር።

የሲኤስኤስ ሕግ ስም በ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞች አይጀምርም ይላል። ኤችቲኤምኤል ደግሞ አይዲ ባዶ አይሁን፣ ክፍት ቦታም አይኑርበት ከማለት ውጭ አይከለክልም። ስለዚህ `1ኛ-ሀ` ትክክለኛ አይዲ ነው፤ `#1ኛ-ሀ` ግን ትክክለኛ ሰሌክተር አይደለም። ታዲያ ጄኩዌሪ እንዴት ያገኘው ነበር? በሮቹን ተከተሉ። `ኛ` የላቲን ፊደል ስላልሆነ በአቋራጩ አላለፈም። ብራውዘሩ ስህተት ወረወረ፣ ጄኩዌሪ ያዘው። ሦስተኛው በር ላይ ያለው የስም ሕግ ላላ ያለ ነው፤ በአኃዝ የሚጀምር ስምም ይቀበላል። ለዓመታት ስንገባ የኖርነው በዚያ በር ነበር፣ ሳናውቀው።

አይዲውን `፩ኛ-ሀ` ብላችሁ በግዕዝ ቁጥር ብትጽፉትና በ`#፩ኛ-ሀ` ብትፈልጉት በአቋራጩ ባያልፍም ብራውዘሩም የጄኩዌሪ ፓርሰርም ይቀበሉታል። ለሲኤስኤስ `፩` አኃዝ ሳይሆን ከአስኪ (ከመሠረታዊው የላቲን ፊደልና ምልክት ስብስብ) ውጭ ያለ ተራ የስም ፊደል ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አይዲ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ «ጌት ኤለመንት ባይ አይዲ» ይበቃል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሰሌክተሩ ረዘም ያለ ከሆነ ስሙን ኤስኬፕ አድርጉት።

ኤስኬፕ ማድረግ ምንድን ነው? ባክስላሹ ለምን ሁለት ይሆናል?

አይዲው `ተማሪ.ስም` ነው እንበል። `#ተማሪ.ስም` ብላችሁ ብትፈልጉ ፓርሰሩ «አይዲው ተማሪ የሆነ፣ ክላሱ ደግሞ ስም የሆነ» ብሎ ያነበዋል። ስህተት የለም፣ ውጤቱ ባዶ ነው። `#ቅጽ:ስልክ` ከሆነ ደግሞ ከኮሎኑ በኋላ ያለውን እንደ ሱዶ ክላስ (እንደ `:eq` በኮሎን የሚጀምር ማጣሪያ) ቆጥሮ «አንሰፖርትድ ሱዶ፣ ስልክ» ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም ላይ የምትሉት «ይህ ምልክት የስሙ አካል ነው፣ ሌላ ትርጉም አትስጠው» ነው፤ ያን የምትሉትም ከፊቱ ባክስላሽ በማድረግ ነው፦ `#ተማሪ\.ስም`።

ጃቫስክሪፕት ውስጥ ግን ይህ ጽሑፍ ስትሪንግ ነው፤ ስትሪንግም ባክስላሽን ለራሱ ጉዳይ ይጠቀምበታል። አንዱን ባክስላሽ ጃቫስክሪፕት ይበላዋል፣ ሁለተኛው ለሰሌክተሩ ይደርሳል። ስለዚህ ኮድ ላይ `"#ተማሪ\\.ስም"` ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ ባክስላሽ ጽፎ ግማሽ ቀን ማጣት በጣም የተለመደ ነው፤ ስትሪንጉን ኮንሶል ላይ ማተም ወዲያው ያጋልጠዋል።

በአኃዝ ለሚጀምር ስም አጻጻፉ ይለያል። የ1 የዩኒኮድ ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት 31 ነው፤ `1ኛ-ሀ` ኤስኬፕ ሲደረግ `\31 ኛ-ሀ` ይሆናል። ከ31 ቀጥሎ ያለችውን ክፍት ቦታ አደራ እንዳትነኳት። ቁጥሩ እዚህ ላይ አለቀ የምትል ምልክት ናት። `12ኛ-ሀ` ቢሆን `\31 2ኛ-ሀ` ይጻፋል፤ ክፍት ቦታዋን ብታወጧት 312 ይሆንና ጨርሶ ሌላ ፊደል ይነበባል።

ይህቺ ክፍት ቦታ ከዚህም የረቀቀ ባግ ታመጣለች። አይዲው `1` ብቻ ነው እንበል፤ ውስጡ ያሉትን ተማሪዎች ትፈልጋላችሁ። ኤስኬፕ የተደረገው ስም `\31` ከነክፍት ቦታዋ ነው፤ ከዚያ `.ተማሪ`ን በሌላ ክፍት ቦታ ለይታችሁ ትቀጥሉበታላችሁ። በአጠቃላይ ሁለት ክፍት ቦታ አለ፦ የመጀመሪያዋ ኤስኬፑን ትዘጋለች፣ ሁለተኛዋ «ውስጡ ያለ» ትላለች። አንድ ሰው ኮዱን ሊያጸዳ ብሎ መሃል ላይ ትሪም ቢያደርገው (ትርፍ ክፍት ቦታ ቢቆርጠው) የቀረችው አንዲቱ በኤስኬፑ ትበላለች። ሰሌክተሩም «አይዲው 1 የሆነና ራሱ ተማሪ የሆነ ኤለመንት» ይሆናል። ስህተት የለም፣ ውጤት የለም።

በእጅ አትጻፉት። ጄኩዌሪ ከ3.0 ጀምሮ «ኤስኬፕ ሰሌክተር» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ብራውዘሮችም «ሲኤስኤስ ዶት ኤስኬፕ» የሚባል አላቸው። ሁለቱም የግዕዝ ፊደልን አይነኩም፤ መነካት ያለበትን ብቻ ይነካሉ። ልብ በሉ፣ ስሙን ብቻ ነው የምትሰጧቸው። ሃሹን ወይም ነጥቡን ጨምራችሁ ሙሉውን ሰሌክተር ከሰጣችሁ እነሱንም ኤስኬፕ ያደርጓቸዋል።

አይዲና ክላስ በአማርኛ መሰየም ችግር አለው?

የለውም። ሕጉ ይፈቅዳል፣ የጄኩዌሪ ፓርሰርም ከአስኪ ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ እንደ ስም አካል ይቀበላል። ከአማርኛ ስም ጋር የሚመጡት ችግሮች ሌሎች ናቸው።

አንደኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለእኛ `ዓመት`ም `አመት`ም አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። `ስም`ና `ሥም`፣ `ጸሐይ`ና `ፀሐይ`ም እንደዚያው። ኤችቲኤምኤሉን የጻፈው አንድ ሰው፣ ስክሪፕቱን የጻፈው ሌላ ሰው ሲሆን ይህ በየቀኑ ይደርሳል። ይህን ፓርሰሩ ላይ ለማስተካከል አትሞክሩ። ፊደላቱን አንድ የሚያደርግ ኮድ ፓርሰር ውስጥ ብትጨምሩ በአጻጻፍ የሚለያዩ ሁለት ትክክለኛ አይዲዎችን ታምታታላችሁ። ስምምነቱ ቡድኑ ውስጥ ይሁን፤ የስሞቹን ዝርዝር አንድ ፋይል ላይ አስቀምጡና ሁሉም ከዚያ ይውሰድ።

ሁለተኛው የእኛ ነጥቦች ናቸው። `፡`፣ `፣` እና `።` ለሲኤስኤስ ተራ የስም ፊደላት ናቸው። ሁለት ሰሌክተሮችን በ`፣` ብትለዩ ፓርሰሩ እንደ አንድ ረጅም ስም ያነባቸዋል፤ መለያው የላቲኑ ኮማ ብቻ ነው። በተቃራኒው `፡` የሚጽፉ መስሏቸው የላቲኑን ኮሎን የሚጽፉ አሉ፤ አይዲው ውስጥ ሲገባ ከላይ ያየነው የሱዶ ክላስ ስህተት ይመጣል። በዓይን ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው።

ድሮ የሚሠራው ካሬ ቅንፍ ያለበት ሰሌክተር ላይብረሪው ሲታደስ ለምን ስህተት ሆነ?

ትእምርተ ጥቅስ ስለሌለው ነው። የአትሪቢዩት (ታግ ላይ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ዋጋ ትክክለኛ ስም ካልሆነ በጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት። በጣም የታወቀው ምሳሌ ሊንኮችን ለመያዝ የሚጻፈው፣ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ሃሽ ያለ ጥቅስ የሚመጣበት ነው። ጄኩዌሪ እስከ 1.11.3 እና 2.1.4 ድረስ ታግሶት ነበር። በ2016 መጀመሪያ ከወጡት 1.12 እና 2.2 ጀምሮ ግን ስህተት ይወረውራል። ብዙ ሰው ያኔ ላይብረሪው ተበላሸ ብሎ አዘነ፤ እውነታው ግን ሰሌክተሩ ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም።

ፒኤችፒ ለሚጽፉ ይህ በየቀኑ የሚገጥማቸው ነው። የቅጽ መስክ ስም `ውጤት[]` ሲሆን ሰሌክተሩ ውስጥ `"ውጤት[]"` ተብሎ በጥቅስ ይግባ። ያለ ጥቅስ ከሆነ የመጀመሪያው `]` ሳይታሰብ ቅንፉን ይዘጋዋል።

ጥቅሱም ራሱ ቀጥ ያለው ይሁን። ከዎርድ የተቀዳ ኮድ ላይ የተጣመመው `“` ይገባል፤ ለፓርሰሩ ይህ ጥቅስ አይደለም። `[ዳታ-ከተማ=“ጎንደር”]` ማለት ዋጋው ከነተጣመመው ምልክት የሆነ ኤለመንት ፈልግ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ኤለመንት ደግሞ የለም። የእኛው `«` እና `»`ም እንደዚሁ።

ሰሌክተሩን ከሌላ ቦታ ስቀዳው አይሠራም፣ ራሴ በእጄ ስጽፈው ይሠራል። ምን ተአምር ነው?

የማይታይ ፊደል አብሮ ተቀድቷል። ለሲኤስኤስ ክፍት ቦታ የሚባሉት ተራው ስፔስ፣ ታብና የመስመር መስበሪያዎቹ ናቸው። ከድረ ገጽና ከዎርድ የሚመጣው የማይሰበር ስፔስ ከእነሱ አይቆጠርም፤ የጄኩዌሪ ፓርሰር የስም አካል አድርጎ ይወስደዋል። ስትሪንጉን በፊደል በፊደል ከፍላችሁ የእያንዳንዱን ዩኒኮድ ቁጥር አትሙ። 32 ሊሆን የሚገባው ቦታ 160 ካላችሁ አግኝታችሁታል።

ከአድራሻው ላይ ያለውን ሃሽ በቀጥታ ለጄኩዌሪ ብሰጠውስ?

አትስጡት። ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

የመጀመሪያው እኛን በተለይ የሚመለከት ነው። አንባቢው `#ዜና` የሚል ሊንክ ሲነካ ብራውዘሩ «ሎኬሽን ዶት ሃሽ» ላይ የሚሰጣችሁ `#ዜና` አይደለም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ምልክቶች ይሆናል። ሁለቷ ፊደል አሥራ ስምንት ሆና ትመጣለች። ፐርሰንት ሰሌክተር ውስጥ ቦታ ስለሌለው ፓርሰሩ ይጮኻል። በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ የተሞከረ ኮድ አማርኛ ገጽ ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። የጄኩዌሪ ዋና ፈንክሽን ሰሌክተርም ኤችቲኤምኤልም በአንድ በር ይቀበላል። በድሮዎቹ እትሞች ከሃሽ በኋላ ታግ ያለበት ጽሑፍ ሲመጣ እንደ ሰሌክተር ሳይሆን እንደ ኤችቲኤምኤል ያነበው ነበር። አጥቂ ሊንክ አዘጋጅቶ በመላክ ብቻ በሰው ገጽ ላይ የራሱን ስክሪፕት ማስሮጥ ይችል ነበር። በ2011 የወጣው 1.6.3 የሃሹን ቀዳዳ ደፈነ፤ በ2013 የወጣው 1.9 ደግሞ ኤችቲኤምኤል ለመባል ጽሑፉ በ`<` መጀመር አለበት የሚል ጥብቅ ሕግ አመጣ። ከዚያ በታች ያለ እትም ዛሬም የሚጠቀም ገጽ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ አድሱት።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ሃሹን ቁረጡ፣ የቀረውን «ዲኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» ውስጥ አሳልፉ፣ ውጤቱን ለ«ጌት ኤለመንት ባይ አይዲ» ስጡ። የተበላሸ አድራሻ ሲመጣ ዲኮደሩ ራሱ ስህተት ስለሚወረውር በትራይና ካች ክበቡት።

ብራውዘሩ ሲታደስ ብቻ የተሰበረ ሰሌክተር አይቻለሁ። ይህ ይቻላል?

ይቻላል፤ በ2022 ሁላችንም አይተነዋል። ጄኩዌሪ «ሃዝ» የሚባለውን፣ «ውስጡ ይህን የያዘ» የሚለውን ሱዶ ክላስ ብራውዘሮች ከመያዛቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነበረው። በዚያ ዓመት ሳፋሪም ክሮምም የራሳቸውን ሃዝ አወጡ። በወቅቱ የነበረው የሲኤስኤስ ሕግ ሃዝ ውስጥ የማይታወቅ ነገር ሲገባ ብራውዘሩ ስህተት ሳይወረውር በይቅርታ እንዲያልፈው ይል ነበር።

አሁን በሮቹን አስታውሱ። ሰሌክተሩ ሃዝ ይዞ፣ ውስጡ ደግሞ የጄኩዌሪ ብቻ የሆነውን ኮንቴይንስን («ይህ ጽሑፍ ያለበት» የሚለውን) ይዞ መጣ። ድሮ ብራውዘሩ «አላውቀውም» ብሎ ይጮኽ ነበር፣ ጄኩዌሪም ይዞት በሦስተኛው በር ይሠራው ነበር። አዲሱ ብራውዘር ግን አልጮኸም። «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ባዶ መለሰ፤ ጄኩዌሪም አመነው። በማንም ኮድ ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ገጾች ተሰበሩ።

የጄኩዌሪ ሰዎች በ2022 መጨረሻ በተከታታይ ባወጧቸው የ3.6 እትሞች አስተካከሉት፤ የሲኤስኤስ የሥራ ቡድንም ሃዝ ይቅር ባይ እንዳይሆን ሕጉን ቀየረው። «ኢዝ» እና «ዌር» የሚባሉት ሱዶ ክላሶች ግን ዛሬም ይቅር ባይ ናቸው፤ ስለዚህ የጄኩዌሪን የራሱን ሱዶ ክላሶች እነሱ ውስጥ አታስገቡ። ከሁሉ የሚሻለው ሥራውን መክፈል ነው፦ ብራውዘሩ የሚያውቀውን በሰሌክተር ያዙ፣ የቀረውን በ«ፊልተር» አጣሩ። ለኢኪውም ሆነ ለ«ኢቭን»ና ለ«ኦድ» በሜተድ የሚጠራ ምትክ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከ3.5 ጀምሮ ገብተዋል።

የራሴን ትንሽ ሰሌክተር አንባቢ እየጻፍኩ ነው። በኮማ ስፕሊት ባደርገውስ?

ይህን ሰሌክተር ተመልከቱ፦ `[ዳታ-ቦታ="ቦሌ, አዲስ አበባ"], .ጎንደር`። በኮማ ብትከፍሉት ሦስት ቁራጭ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ የተሰበሩ ናቸው። የመጀመሪያው ኮማ ጥቅስ ውስጥ ያለ ተራ ፊደል ነው።

ፓርሰር ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ይሄዳል፤ እየሄደም የት እንዳለ ያውቃል። `[` ሲያይ ቅንፍ ውስጥ እንደገባ ይመዘግባል። ጥቅስ ሲያይ እስከ መዝጊያው ጥቅስ ድረስ ያለውን ሁሉ ሳይተረጉም ይወስዳል፤ ኮማም `]`ም እዚያ ውስጥ ትርጉም የላቸውም። ባክስላሽ ሲያይ ቀጣዩን ፊደል አብሮ ይወስዳል። ከቅንፍም ከጥቅስም ውጭ ሆኖ ኮማ ሲያይ ብቻ አዲስ ሰሌክተር ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ያልተዘጋ ነገር ካለ ወይም ያልተነበበ ፊደል ከተረፈ ይጮኻል፤ እየገመተ አይቀጥልም።

ጄኩዌሪም ይህን ክፍፍል ለራሱ ይፈልገዋል። ከአንድ ኤለመንት ሥር `> ሊ, > ፒ` ብላችሁ ስትፈልጉ ብራውዘሩ በ`>` የሚጀምር ሰሌክተር አይቀበልም። ጄኩዌሪ ኤለመንቱን የሚያመለክት መነሻ (በድሮዎቹ እትሞች ጊዜያዊ አይዲ) ከእያንዳንዱ ክፍል ፊት ይለጥፋል። ከእያንዳንዱ ፊት ለመለጠፍ የት የት እንደሚከፈል በትክክል ማወቅ አለበት።

ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ኖት («ይህ ያልሆነ» የሚለው ሱዶ ክላስ) ውስጥ ሌላ ኖት ሲኖር፣ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ብቻውን መቁጠር አይችልም። ቆጣሪ ያዙ፤ ሲከፈት አንድ ጨምሩ፣ ሲዘጋ አንድ ቀንሱ።

ያው ሰሌክተር አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። እንዴት?

ከጃቫስክሪፕት የታወቀ ወጥመድ ጀምሩ። ግሎባል ፍላግ ያለው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የቆመበትን ቦታ ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ጥሪ ከዚያ ይቀጥላል። ለ«ቴስት» ከተጠቀማችሁበት አንዴ አዎ፣ አንዴ አይ ይላችኋል። ፍላጉን አውጡት።

እሱ ካልሆነ ካሹን (የተሠራውን ውጤት ለድጋሚ ጥቅም የሚያስቀምጥበትን ቦታ) እዩ። ጄኩዌሪ የከፋፈላቸውን ሰሌክተሮች ይይዛል፤ ቢበዛ 50 ያህል፣ ከዚያ የቆየውን ይጥላል። ከካሹ የሚሰጠውም ቅጂ ነው። ዋናውን ቢሰጥ ኖሮ ቶክኖቹን እየነቀለ የሚሠራ ኮድ ካሹን ያበላሸውና ሁለተኛው ጥሪ ባዶ ዝርዝር ያገኝ ነበር። ሌላም ነገር አለ፦ ካሹ ተራ ኦብጀክት ስለሆነ ቁልፉ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ይጨመርበታል። «ኮንስትራክተር» የሚል ሰሌክተር ቢመጣ ከኦብጀክቱ የተወለደ ስም ጋር እንዳይጋጭ ነው። የራሳችሁን ካሽ ስትሠሩ ማፕ ተጠቀሙ፤ ይህ ጣጣ የለውም።

ባጉን አገኘሁት። ላይብረሪው ውስጥ እንዴት ላስተካክለው?

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ሰሌክተሩን አሳጥሩ። ችግሩ እስካለ ድረስ አንድ ቁራጭ ቀንሱ፣ ሞክሩ፣ ሌላ ቀንሱ። ሦስት መስመር የነበረው ብዙ ጊዜ ስምንትና አሥር ፊደል ላይ ይቆማል። ያን ትንሹን ሰሌክተር ይዛችሁ የሚወድቅ ቴስት ጻፉ፤ የጄኩዌሪ ቴስቶች በኪውዩኒት የተጻፉ ናቸው፣ አጻጻፉን ከዚያው መቅዳት ይቻላል። ቴስቱ በአሁኑ ኮድ መውደቁን በዓይናችሁ እዩ። ሲወድቅ ያላያችሁት ቴስት ምንም አያረጋግጥላችሁም።

ከዚያ ማስተካከያው የት ይግባ? ፈተናው እዚህ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሰሌክተሩ ፓርሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት በ«ሪፕሌስ» ማስተካከል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ሪፕሌሱ ጥቅስ ውስጥ ይሁን ውጭ አያውቅም፤ ዛሬ አንዱን ባግ ሲደፍን ነገ የአንዱን ሰው የአትሪቢዩት ዋጋ ይቀይራል። ቶክኑን የሚያውቀው ሕግ ላይ፣ ስሙ ወይም ጥቅሱ በሚነበብበት ቦታ ላይ አስተካክሉ። ሦስቱንም በር ማየት አትርሱ፤ አቋራጩ ላይ የጨመራችሁትን ሦስተኛው በር ካልተቀበለው ያው ስም ለብቻው ሲጠራ ይሠራል፣ ከሌላ ጋር ሲጣመር አይሠራም።

ለቴስቱ ከላቲን ውጭ የሆነ ስም ጨምሩ። `#፩ኛ`፣ `.ዓመት`፣ `[ዳታ-ከተማ="ድሬ ዳዋ"]`። የፊደል ወሰን ላይ የተሠራ ስህተት በላቲን ስም ብቻ ሲፈተን አይታይም፤ እኛ ካልጻፍነው ማንም ሊጽፈው አይችልም።

እትሙን ለማደስ እፈራለሁ፤ ስንት ሰሌክተር እንደሚሰበር አላውቅም።

ጄኩዌሪ ማይግሬት የሚባለውን ተጨማሪ ስክሪፕት ከአዲሱ እትም ጋር ጫኑ። የተተዉ አጻጻፎችን ሲያገኝ ኮንሶል ላይ ያስጠነቅቃል፣ ጥቅስ የጎደለውን ሃሽም ጭምር ይናገራል፣ አንዳንዱንም ራሱ ይጠግናል። ያልተጨመቀውን ቅጂ መጠቀም አለባችሁ፤ የተጨመቀው ማስጠንቀቂያ አያትምም። ገጾቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ ቁልፎቹን ንኩ፣ የወጣውን ማስጠንቀቂያ ከነመስመር ቁጥሩ መዝግቡ። ኮንሶሉ ዝም ሲል ማይግሬትን አውጡትና ቁልፎቹን እንደገና ንኩ።